የዓይናማው ክር

ሰፈሩ ዓይናማው ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ በቅናት ነው ያወጣለት ይባላል። እውነቱን ለመናገር ግን ስሙ ይገባዋል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል እንጂ አይነካውም። ሰው ከበሩ ገብቶ ወንበር ስቦ እስኪቀመጥ ድረስ ትከሻውን፣ ወገቡን፣ የክንዱን ርዝመት በዓይኑ ለክቶ ጨርሷል። "ግራ ትከሻህ ከቀኙ አንድ ጣት ዝቅ ብሏል፤ ምን ትሸከምበታለህ?" ይለዋል። እንግዳው ክው ይላል። ዕድሜ ልኩን የመሣሪያ ቦርሳ በግራ ትከሻው ያንጠለጠለ የቧንቧ ሠራተኛ ነዋ! ዓይናማው ሲምልም "ዓይኔን ግንባር ያድርገው" ብሎ ነው የሚምለው። ሌላ መሐላ አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ያስቀው ነበር፤ የደንበኞቹ ወሬ ማብዛት። ጨርቅ ይዞ የመጣ ሁሉ ቀለሙን ሳይናገር አያስረክብም። "እቺን ቀይ ቀሚስ አሳጥርልኝ።" "ለዚህ ቡናማ ሱሪ ዚፕ ቀይርለት።" እሱም "ምነው፣ ዕውር ነኝ እንዴ? እያየሁት አይደል?" ይላል። ይስቃሉ፤ አብሯቸው ይስቃል። የዚህ መንገድ ሰው ነገር ማሳጠር አልፈጠረበትም ብሎ ደምድሞ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በዚሁ ሐሳቡ ኖረ።

ከስፌት መኪናው ኋላ ግድግዳው ላይ ክሮቹ የሚሰቀሉበት ጣውላ አለ። አምስት ረድፍ ምስማር ተመቶበታል፤ እያንዳንዱ ክር የራሱ ምስማር አለው። ይህ የሚስቱ ሕግ ነው። ሚስቱ በሌላው ነገር ሁሉ ልል ናት፤ ድስት የት እንዳስቀመጠች ጠፍቶባት ግማሽ ቀን ትፈልጋለች። በክር ጊዜ ግን ወታደር ናት። ያለቀውን እሷ ትገዛለች፣ እሷ ትሰቅላለች፤ ማንም እንዲነካባት አትፈልግም። እሱ ደግሞ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ ዘወር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ የሚፈልገውን ያነሣል። አረንጓዴ ከፈለገ ሁለተኛው ረድፍ፣ ከግራ አራተኛው። "የባለሙያ እጅ ዓይን አለው" እያለ ይጎርርበታል።

ዩኒቨርሲቲው ከሰፈሩ በላይ ነው፤ ዳገቱ ላይ። ድሮ የሰፈሩ ሰው እዚያ ግቢ የሚገባው ወይ ሊጠርግ ወይ በር ሊጠብቅ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን አንዲት የኬሚስትሪ መምህርት ተነሥታ "ይህን ያህል ዘመን ጎረቤት ሆነን ልጆቻቸውን አናውቅም" አለችና ፕሮግራም አቋቋመች። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ልጆች ዳገቱን ወጥተው ቤተ ሙከራ ይገባሉ፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ያስጠኗቸዋል። ወላጆችም በወር አንድ ቀን ተጠርተው ልጆቻቸው የሠሩትን ያያሉ፤ ባለሙያ የሆነም እንደ ሙያው ሥራ ይሰጠዋል።

የዓይናማው ልጅ፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷ፣ መጀመሪያ ከተመረጡት አንዷ ናት። ከዚያ ወዲህ አባቷ ስሟን ትቶ "ፕሮፌሰር" ነው የሚላት። "ፕሮፌሰር፣ እስቲ መቀሱን አቀብዪኝ።" የምትቆጣው ለይምሰል ነው።

ነገር ግን ፕሮፌሰሯ ሰሞኑን ፊቷ ጠቁሯል። ሌሎቹ ልጆች የሙከራ ደብተራቸው ላይ "ፈሳሹ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ተለወጠ" ብለው ሲጽፉ፣ እሷ "ምንም አልተለወጠም" ብላ ትጽፋለች። የሚያስጠናት ባለመነጽር ተማሪ ሦስት ሳምንት በተከታታይ ከሥሩ "አስተውዪ" ብሎ ጽፎባታል። ሦስተኛውን ጊዜ አስምሮበታል።

"አባዬ፣ ማስተዋል ማለት እንዴት ነው?" አለችው።

"እንደ አባትሽ መሆን ነዋ" አላት፤ መርፌውን ክር እያጎረሰ።

መምህርቷ ራሷ ወደ ሱቁ የወረደችው በዚያው ሳምንት ነው። አርባ ጋዋን እንዲሰፋ ፈለገች፤ ልጆቹ በየሳምንቱ ልብሳቸው ላይ አሲድ እያንጠባጠቡ እናቶች ተማረዋል። ጣቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ የትእዛዙን ወረቀት ሰጠችው፤ "ክሩ ከጨርቁ ጋር አንድ ይሁን" አለች። "ይህ ካማረልን የቤተ ሙከራውን ልብስ ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚሰፉልን እርስዎ ይሆናሉ።" ወረቀቱ ላይ "አረንጓዴ ጋዋን፣ አርባ" ይላል። ሴትዮዋ ስለ ቀለሙ አንድም ነገር ሳትናገር ወጣች። ወሬ የማታበዛ፣ የተማረ ሰው ወጉ ይህ ነው ብሎ አደነቃት። ከዳገቱ በላይ ያለ ሰው ስፌቱን ብሎ በሩ ድረስ ሲመጣ በዕድሜው የመጀመሪያው ነው፤ ጨርቁን የዘረጋው ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ወልውሎ ነው። ይህ ሥራ ከተበላሸ ሌላ ዕድል እንደሌለ ያውቃል።

ሚስቱ አልነበረችም። እህቷ ወልዳ ልታግዛት ለዐሥር ቀን ሄዳለች። ስትሄድ "አዲስ ሥራ እንዳትጀምር፣ እስክመጣ ጠብቀኝ" ብላው ነበር። ለምን እንዳለችው አልገባውም። ደግሞስ ዩኒቨርሲቲ ይጠብቃል እንዴ?

በመካከሉ ልጅቷ የቤት ሥራ ተሰጣት። "ቤታችሁ ካለው ነገር አንዱን መርጣችሁ በራሳችሁ መለኪያ ደርድሩ፤ ለምን እንደዚያ እንደደረደራችሁም ጻፉ" ይላል። አባቷ ቁልፍ ሊገዛ በወጣበት ሰዓት ክሮቹን በሙሉ ከምስማራቸው አወረደቻቸው፤ በጣቷ እያሻሸች ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ደርድራ መልሳ ሰቀለቻቸው። ሁለት ገጽ ጻፈች። እናትየው ብትኖር ቤቱ በጩኸት ይናጋ ነበር። አባት ግን ተመልሶ ገባ፣ ተቀመጠ፣ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ከሁለተኛው ረድፍ አራተኛውን አነሣ፤ መስፋት ጀመረ። ዘጠኝ ቀን ሰፋ። ኪሱን ደርቦ፣ ኮሌታውን ሁለት ጊዜ አዙሮ፣ እጅጌውን አጥፎ፣ እንደዚያ አድርጎ በሕይወቱ ሰፍቶ አያውቅም።

በወላጆች ቀን አርባውን ጋዋን በሁለት ማዳበሪያ ጠቅጥቆ ዳገቱን ወጣ። አዳራሹ ሞልቷል። ልጆቹ ፊት፣ ወላጆች ኋላ፣ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ጎን ላይ። መምህርቷ "ዛሬ አንድ ባለሙያ አባት እናመሰግናለን" አለችና ወደ መድረኩ ጠራችው። ዓይናማው አንዱን ጋዋን አውጥቶ አራገፈ፣ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ዘረጋው፤ ጭብጨባውን ጠበቀ።

ጭብጨባ አልመጣም። ኋላ ከተቀመጡት የሰፈር ሰዎች አንዲት ሴት አፏን በእጇ ያዘች። ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን ደፋ። መምህርቷ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ዓይናማው ቀዳዳ ያለው መስሎት ጋዋኑን አዙሮ አየው። ቀዳዳ የለውም።

ከፊት ረድፍ አንዲት ትንሽ ልጅ "ለምንድን ነው በቀይ ክር የተሰፋው?" አለች። ተንኮል የለባትም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው።

"የምን ቀይ?" አለ ዓይናማው፤ እየሳቀ።

ማንም አልሳቀም። ያን ጊዜ የገዛ ልጁ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። "ቀይ የለበትም። ክሩ ከጨርቁ ጋር አንድ ነው፤ አይታያችሁም?" አለች፤ ወደ ሕዝቡ ዞራ፣ ለአባቷ ተቆርቁራ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ካለው ሁለት መቶ ሰው ቀዩ ያልታያቸው እነሱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። በኪሱ ዙሪያ፣ በኮሌታው፣ በእጅጌው፣ አርባውም ላይ፣ ቀዩ ስፌት ምላጭ እንደጫረው ቆዳ ደም መስሎ ተጋድሟል።

መምህርቷ አስተዋይ ናት። "ጋሼ፣ አንዴ ከእኔ ጋር ይምጡ፤ አንቺም ነይ" ብላ አባትና ልጅን ወደ ጎን ክፍል ይዛቸው ገባች። ባለመነጽሩ ተማሪም ተከተላቸው። ከቁምሳጥን አንድ ቀጭን መጽሐፍ አወጣች፤ ገጹ ሁሉ ክብ ነው፣ ክቡ ሁሉ ነጠብጣብ ነው።

"እዚህ ላይ ምን ይታይዎታል?"

"ዐሥራ ሁለት ቁጥር" አለ። ተነፈሰ። ደህና ነኝ አለ በልቡ።

ገጹን ገለጠች። "እዚህስ?"

"ነጠብጣብ።"

"ቁጥር የለበትም?"

"የለበትም። ነጠብጣብ ነው እንጂ።"

ወደ ልጅቷ አዞረችው። "ነጠብጣብ ነው" አለች ልጅቷም። ሌላ ገጽ፤ ነጠብጣብ። ሌላ ገጽ፤ አሁንም ነጠብጣብ። ባለመነጽሩ ተማሪ ከኋላቸው ቆሞ በየገጹ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ዓይናማው አየው። ልጁ ቁጥር እያነበበ ነው። እነሱ ባዶ የሚሉትን ገጽ ሁሉ እያነበበ ነው። ዓይናማው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

መምህርቷ ቀስ ብላ አስረዳችው። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ዓይን አለ፤ በሽታ አይደለም፤ ሲወለድ አብሮ የሚወለድ ነው። በወንድ ላይ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ሴት ልጅ ላይ የሚወጣው ግን ከአባትም ከእናትም ወገን ሲመጣ ነው። ብዙ ሰው ሳያውቀው ያረጃል። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባል የለ? እንደዚያ ነው። ባለመነጽሩ ተማሪ የልጅቷን ደብተር ከቦርሳው አውጥቶ፣ "አስተውዪ" ብሎ ያሰመረበትን ገጽ ሲያይ ቆየና "ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ያላስተዋልኩት እኔ ነኝ" አላት።

"ሃያ ሁለት ዓመት ሰፍቻለሁ እኮ" አለ ዓይናማው። "ሙሽራ አልብሻለሁ። የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍቻለሁ። አንድ ቀን 'ተበላሸ' ያለኝ ሰው የለም።"

"እሱ ነው የገረመኝ" አለች መምህርቷ። "እንዴት አድርገው ሠሩ?"

የምትጠይቀው ለማወቅ ፈልጋ ነው፤ ለማሽሟጠጥ አይደለም። ዓይናማውም መልሱን አያውቅም። ጋዋኖቹን በሚቀጥለው ቅዳሜ አስተካክሎ ቢያመጣ ሥራው አሁንም የእሱ መሆኑን ነገረችው። ሰማ አልሰማ። ማዳበሪያዎቹን ተሸክሞ፣ ልጁን አስከትሎ፣ የቆመውን ሰው ሁሉ በሆዱ እየረገመ ዳገቱን ወረደ።

ሚስቱ የዚያን ቀን ነው የተመለሰችው። ሲገባ ክሮቹ ፊት ቆማለች፤ ሻንጣዋን ገና ከእጇ አላወረደችም። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ክሮቹን ማን ነካብኝ?" አለች።

ዓይናማው ማዳበሪያዎቹን ጣላቸው። ሚስቱን አየ፣ ጣውላውን አየ፣ እንደገና ሚስቱን አየ። ለመምህርቷ ያልመለሰው ጥያቄ መልሱ ፊት ለፊቱ ሻንጣ ይዞ ቆሟል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

መካድ አልሞከረችም። ሻንጣውን አስቀመጠች። "በተጋባን በሦስተኛው ሳምንት። የአንዲት ሴት አረንጓዴ ካፖርት በቀይ ክር ሰፍተህ ጨርሰህ ምሳ ልትበላ ገባህ። እስክትመለስ ፈትቼ ሰፋሁት። በማግስቱ ጣውላው ላይ ምስማር መታሁ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ልነግርህ አፌን ከፍቼ ነበር። አንተ ደግሞ ያን ቀን በር ላይ ቆመህ 'ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንደኔ የሚሰፋ ቢገኝ' እያልክ ስትምል ሰማሁህ። በምን አንጀቴ ልንገርህ?"

ዓይናማው ሊጮህ ፈልጎ ነበር። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አለው። ትዝ ባይለው ይሻለው ነበር።

"ደንበኞቹስ?"

የሻንጣዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች።

"ደንበኞቹስ እልሻለሁ?"

"ለፀጉር አስተካካዩ ሚስት ብቻ ነው የነገርኳት። 'ጨርቅ ስታመጪ ቀለሙን እንደ ዘበት ጣል አድርጊለት' አልኳት። ከዚያ ወዲያ እኔ ለማንም አልተነፈስኩም። በራሱ ነው የሄደው።"

እንግዲህ ይታያችሁ። ሰውዬው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሃያ ሁለት ዓመቱን ወደ ኋላ ቆጠረ። እቺን ቀይ ቀሚስ። ይህን ቡናማ ሱሪ። የፖስታ ቤቱ ሽማግሌ። አፏ የማያርፈው ባለሱቅ። ለእናቶቻቸው የተላኩ፣ አፋቸውን በቅጡ ያልፈቱ ልጆች፤ "ቢጫ ነው በል ብላኛለች" ያለው ሕፃን እንኳ ነበር፤ ያን ቀን እንዴት እንደሳቀበት! አዋላጇስ? ከአዋላጇ ጋር በአጥር ተጣልተው ሁለት ዓመት ሰላም አይባባሉም ነበር። የልጇ ሠርግ ሲደርስ ሌላ ሰፊ ስታጣ መጣች፤ ፊቷን አዙራ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችና "ሰማያዊ ነው" ብላ ወጣች። ያን ጊዜ ጥጋበኛ ብሏት ነበር። ተኳርፈው እንኳ ነግራዋለች።

"ሰፈር ሙሉ ሲስቅብኝ ኖሯል" አለ።

"ማን ሲስቅብህ አየህ? አንድ ሰው ጥራልኝ" አለች ሚስቱ፤ አሁን እሷም እያለቀሰች።

መጥራት አልቻለም። ያም ይበልጥ አስደነገጠው፤ ቢስቁበት ኖሮ ቢያንስ የሚጣላው ሰው ያገኝ ነበር። ተነሥቶ የስፌት መኪናውን በልብሱ ሸፈነው። "በቃ። ዓይናማው ሞቷል። ሰኞ ጨርቃቸውን እመልስና እዘጋለሁ" አለ።

ይህን ሁሉ ልጅቷ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር፤ ሁለቱም ረስተዋታል። "እኔስ አባዬ? ለእኔ ማን ይነግረኛል?" አለች።

ሰኞ ጠዋት ዓይናማው ወደ ሱቁ የገባው በሩን ሊዘጋ ነው። ልጅቷ ግን ቀድማው ገብታለች። መሬት ላይ ተቀምጣ፣ አንዱን ጋዋን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ስፌቱን በምላጭ ትፈታለች። ክሩ ከጨርቁ ተለይቶ አይታያትም። ስለዚህ ዓይኗን ጨፍናዋለች፤ በግራ እጇ ጣት ስፌቱን እየዳሰሰች፣ በደረሰችበት በምላጩ ታነሣዋለች። አንድም ቦታ ጨርቁን አልነካችውም። ሦስት ጨርሳ አራተኛው ላይ ናት።

"ማን አዘዘሽ?"

"ቅዳሜ ይደርሳል አለች አይደል መምህርቷ? ሠላሳ ስድስት ቀረን" አለች፤ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ዓይናማው ሊቆጣ ነበር። ይህች ልጅ ከአሁን በኋላ የምታየው አንድ ነገር ነው፤ እንዲህ ሆኖ የተገኘ ሰው በማግስቱ ምን ያደርጋል የሚለውን። የሚያሳያትም ከእሱ በቀር ሰው የለም። የመኪናውን ልብስ ገለጠ። ተቀመጠ። እጁን እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ዘረጋና መሀል ላይ ቆመበት። ሚስቱን እንዳይጠራ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አላናገራትም፤ መጋረጃው ኋላ ስትንቀሳቀስ ግን ይሰማዋል።

ፀጉር አስተካካዩ ያን ጊዜ ገባ፤ የሚታጠፍ ሱሪ ይዟል። ያዳራሹን ጉድ አይቷልና ዓይኑን የት እንደሚጥል ጨንቆታል። ከልማዱ "ይሄን ግራጫ..." ብሎ ጀመረና ምላሱን ነከሰ። ሱሪውን ከጀርባው ደበቀው።

ዓይናማው ተነሣና ጣውላውን ከነምስማሩ፣ ከነክሮቹ ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው።

"ና ወዲህ" አለው። "ከእነዚህ ውስጥ አረንጓዴው የትኛው ነው?"

ፀጉር አስተካካዩ በድንጋጤ ሱሪውን ጣለው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይጠየቅ ሲመልስ ኖሯል፤ ሲጠየቅ ግን የመጀመሪያው ነው። መጋረጃው ኋላ የነበረው ኮቴ ቀጥ አለ። ሰውዬው እጁን ዘርግቶ አንዱን ክር ነካ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ይቺ ናት" አለ።

"ጮክ በል" አለ ዓይናማው። "ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው። ለልጅቷም ይሰማት።"

"አረንጓዴ" አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ ጮክ ብሎ፣ ዕንባው እየመጣ።

ልጅቷ ምላጩን አስቀመጠች፤ ከደብተሯ ወረቀት ቀደደች፤ "አረንጓዴ" ብላ ጻፈችና ከክሩ ምስማር ላይ ሰካችው።